የተጠገነ እግር ተመልሶ ሲያም

አጥንቱ ተሰብሮ የተጠገነለት ሰው ወደ ቀድሞ ሥራው የሚመለሰው በአንድ ቀን አይደለም። ዛሬ ሃያ እርምጃ የሄደ ሕመምተኛ ነገ ዐሥር መሄድ ሊያቅተው ይችላል። ይህ በሆነ ጊዜ ሕመምተኛው ድካሜ ሁሉ ከንቱ ቀረ ብሎ ያዝናል፤ ቤተ ሰቡም ይደነግጣል። ነገር ግን አንድ ቀን ወደ ኋላ ማለት ሕመሙ እንደ ገና ከመጀመሪያው ተነሣ ማለት አይደለምና ነገሩን በማስተዋል መያዝ ይገባል።

ለምሳሌ በአገና በሰኔ ጭቃ አዳልጧት የቅልጥሟ አጥንት የተሰበረ አንዲት እናት ብትኖር፤ የመስቀል በዓል ሲቃረብና ልጆቿ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ዝም ብላ ለመቀመጥ ልቧ አይፈቅድላትም። ሆኖም የቅልጥም አጥንት ለመጠንከር ብዙ ጊዜ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ሳይሠራ የቆየውም ጡንቻ ይሟሽሻል። ስለዚህ ለበዓሉ ብላ ቤት ስትለቀልቅና ውሃ ስትቀዳ የዋለች እንደ ሆነ፤ ማታ እግሯ ያብጣል፤ ይጠዘጥዛታልም።

በዚህ ጊዜ እግሯን በትራስ ላይ ከፍ አድርጋ ትረፍ። ሕመሙ በማግሥቱ ከቀነሰ ከጥቂት ቀን በፊት ትችለው ወደ ነበረው ሥራ ትመለስ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ትጨምር። ፈርታ ለሳምንታት ብትተኛ ግን መገጣጠሚያው ይደርቃል። እንሰት መፋቅ በአንድ እግር ደግፎ መያዝን ስለሚጠይቅ በመጨረሻ የሚመለሱበት ሥራ ነው፤ እስከዚያው ጎረቤቶች ያግዟት። እርሷም ተቀምጣ ጎመን ብትከትፍ፤ ቅቤ ብታነጥር ከቤቱ ሥራ አልተለየችም።

ዝም የማይባል ምልክት ግን አለ። ወጌሻ ባሰረው እግር ላይ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፤ ቢጠቁሩ ወይም ቢደነዝዙ፤ እስራቱን ሳያላሉ ማደር እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ትኩሳት ወይም መግል ቢታይ፤ እግሩ ቢጣመም፤ ባቱ አብጦ ቢግል ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

በ1952 ዓ.ም. በሮማ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፤ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ሆኖ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሐኪም ቤት ለወራት ታከመ። በመጀመሪያ እጆቹን እንኳ ማዘዝ ተስኖት ነበር። እግሮቹ አልተመለሱለትም፤ ነገር ግን የእጆቹ ኃይል በተመለሰ ጊዜ ቀስት መወርወርን ተለማምዶ በ1962 ዓ.ም. በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሰለፈ። የጠፋውን እያሰበ አልቆመም፤ በቀረለት ሠራ።

እንግዲህ ሕመምተኛን የምታስታምሙ ሁሉ፤ «አትችይም» ብላችሁ አታስተኟት፤ «ተነሺ» ብላችሁም አታስቸኩሏት። መሻሏንም ከትናንቱ ቀን ጋራ ሳይሆን ካለፈው ወር ጋራ አስተያዩላት።