ማዘርቦርድ ወልቂጤ ላይ ይሠራ ይሆን?

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ዋናው መንገድ ዳር ካለ ኮምፒዩተር ቤት ገብቶ የማዘርቦርድ ዋጋ የሚጠይቅ ደንበኛ፣ ባለሱቁ መጀመሪያ ስልክ ሲያነሣ ነው የሚያየው። ባለሱቁ መርካቶ ይደውላል፤ የመርካቶው አስመጪ ደግሞ የዶላሩን ውሎ አይቶ ቁጥር ይጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ጣጣው ያረፈው ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶበት ሥራው በቆመ ሰው ላይ ነው።

“ታዲያ ለምን እዚሁ አይሠራም?” የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ ያላቸው ርቀት ከ160 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አስፋልት አለ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ። መርካቶ ውስጥ ያደገ የንግድ ልምድና ገንዘብም አለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ይሁንና አክሲዮን ከመሸጡ በፊት ፋብሪካው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይበጃል።

ማዘርቦርድ ሲጀመር ባዶ ሰሌዳ ነው። ፋይበር ግላስና ኢፖክሲ ተጣብቀው፣ መዳብ ተለብጦባቸው ይመጣል። የኤሌክትሪኩ መሥመር በብርሃን ይታተምበትና የማይፈለገው መዳብ በኬሚካል ታጥቦ ይወገዳል። እንዲህ የተሠሩ ገጾች ተደራርበው በሙቀትና በኃይል ይጨመቃሉ፤ የተለመደው ቦርድ 4 ወይም 6 የመዳብ ንብርብር አለው፣ ውድ የሚባለው 8ና ከዚያ በላይ። ከዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሱና ውስጣቸው መዳብ ይቀባል። ይህ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ከመባል ይልቅ የኬሚካል ሥራ ቢባል ይቀላል። ንጹሕ ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ የሚወጣው ፍሳሽም ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ የሚለቀቅ አይደለም። ለእርሻ ውኃ በሚፈለግበት አካባቢ ይህን ለማቋቋም የሚቸኩል ሰው ገበሬውን አስቀድሞ ቢያማክር ይሻለዋል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመትከል ሥራ ነው። በቀጭን የብረት ወንፊት ላይ እንደ ሊጥ የላመ ቆርቆሮ ይቀባል፤ ማሽን ከጥቅልል ላይ ጥቃቅን ክፍሎችን እያነሣ በሰዓት በአሥር ሺሕ በሚቆጠር ፍጥነት ያስቀምጣል፤ ቦርዱ 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ያልፍና ቆርቆሮው ቀልጦ ይይዛል። ትልልቁን መሰኪያ ሰው በእጁ ይሰካል። በመጨረሻ ካሜራ ይመረምረዋል፣ ፕሮሰሰርና ሚሞሪ ተሰክቶበትም ይፈተናል። ቦርዱ ምድጃ ውስጥ እያለ መብራት ከጠፋ ግን ተቀምጦበት ይበስላል፤ ያ ሁሉ ኪሳራ ነው።

ትርፉ የት እንዳለ ደግሞ ይታይ። በቦርዱ ላይ ያለው ዋናው ቺፕ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ነው። አሱስ፣ ጊጋባይትና ኤምኤስአይን የመሰሉት የታይዋን ኩባንያዎች የሚያተርፉት በብዛት ሠርተው በብዙ አገር ስለሚሸጡ ነው። ክፍሉን ሁሉ በዶላር ገዝቶ ወልቂጤ ላይ የሚገጣጥም ሰው ከዶላሩ የሚያድነው ጥቂቱን የጉልበት ዋጋ ብቻ ነው። ቴክኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ ሞባይል መገጣጠም ሲጀምር ከጀርባው የቻይና እናት ኩባንያ፣ ከፊቱም የመላ አገሪቱ ገበያ ነበረው። የሁለት ከተማ ባለሀብት ይህን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ማዘርቦርዱን ለጊዜው መተው ነው የሚያዋጣው። የሚታሰበው ሥራ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። ነጋዴው በየጊዜው የሚያስመጣው የስታቢላይዘር ቦርድ፣ የኤልኢዲ አምፖል ማብሪያ ክፍልና የሶላር ባትሪ መቆጣጠሪያ በአንድ ወይም በሁለት ንብርብር ይሠራል። ባዶ ሰሌዳውን ከሼንዘን አዝዞ፣ መትከሉን እዚህ በአነስተኛ መሥመር መሥራት ይቻላል። የኬሚካሉ ጣጣ እዚያው ይቀራል። ከዚሁ ጋር የቦርድ ጥገናን ከሙከራ ወደ ሙያ ማሳደግ ያስፈልጋል። አሁን ብዙ ጊዜ አንድ ቺፕ ሲቃጠል ቦርዱ በሙሉ ይቀየራል፤ ገዢው የሚጠየቀውም የሙሉ ቦርድ ዋጋ ነው። ቺፑን አንሥቶ የሚተካ፣ የሠለጠነ እጅ ያለው ሱቅ ግን ደንበኛውንም ዶላሩንም ያተርፋል።

ገንዘቡ አይጠፋም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ሕዝብ አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቋቋመ ነው። እዚህ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ እቁብ የለመደ ብር ተራው ቶሎ እንዲደርሰው ይፈልጋል፤ የመትከያ መሥመር ደግሞ ሠራተኛው እስኪለምድና ብልሽቱ እስኪቀንስ ጊዜ ይበላል። እርግጥ ነው፣ እንሰት ተክሎ በዓመቱ ቆጮ የሚጠብቅ ጉራጌ የለም።

የመስቀል ሰሞን የመርካቶ ሰው አገሩ ገብቶ ስለ ኢንቨስትመንት ሲነጋገር፣ ከመሬቱ ሊዝ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ቢጠይቅ ይበጀዋል። አንደኛው የኤሌክትሪክ መሥመሩ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚቋረጥ ነው፤ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ሒሳብ ከዚህ ይወጣልና። ሁለተኛው ጉምሩክ ለተበተነው ክፍልና ተሠርቶ ለሚገባው ዕቃ የሚያስከፍለው ቀረጥ ነው። የክፍሉ ቀረጥ ከተጠናቀቀው ዕቃ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ፣ ያ መሥመር ገና ሳይተከል ከስሯል፤ አስመጪ ሆኖ መቀጠሉ ይሻለዋል።