ለዳታው የሚያደላ ቅንብር

ኮንቴይነር ሲፈጠር ጀምሮ ሊጠፋ የተዘጋጀ ነው። ኩበርኔቲስ አንዱን ፖድ ዘግቶ በሌላ ሰርቨር ላይ ምትኩን ሲያስነሳ፣ ኮንቴይነሩ በራሱ ፋይል ሲስተም ላይ የጻፈው ሁሉ አብሮት ይቀራል። ገጽ ብቻ ለሚያሳይ ፕሮግራም ይህ ምንም አይደለም፤ ለፖስትግሬስኪውኤል ግን ጥፋት ነው። ስለዚህ ዳታው በኔትወርክ በሚገናኝ ብሎክ ስቶሬጅ ላይ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩ ቢበላሽ ቮሊዩሙ ከሌላ ሰርቨር ጋር ይያያዛል። የኮንቴይነሩ ዕድሜ በደቂቃ፣ የዳታው በዓመታት ይቆጠራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ቅንብር ማድላት ያለበት ለዳታው ነው ባይ ነኝ። ሳንነካው የምናገኘው ቅንብር ግን ብዙ ጊዜ የሚያደላው ለሌላው ወገን ነው።

ስቶሬጅ ክላስ ስንጽፍ ሪክሌም ፖሊሲውን ካልጠቀስን ዲሊት ይሆናል። የቮሊዩሙ መጠየቂያ፣ ማለትም ፒቪሲው፣ ሲሰረዝ ዲስኩም ይሰረዛል። አንድ ኔምስፔስ ያጠፋ ሰው በውስጡ የነበሩትን ፒቪሲዎች በሙሉ፣ ከነሱም ጋር ዲስኮቹን አጠፋ ማለት ነው። ለሙከራ ክላስተር ይህ ተገቢ ነው፤ ባለቤት የሌለው ዲስክ ሂሳብ ይቆጥራል። የሰው ገንዘብ ወይም የሕክምና መዝገብ በያዘ ዳታቤዝ ላይ ግን ዲስኩን የሚያቆየው ሪቴይን መሆን አለበት፣ ዲስኩን በኋላ በእጅ ማጽዳት ቢያደክምም። ሪቴይን ባክአፕን እንደማይተካም መታወቅ አለበት።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ሰርቨር ድምፁ ሲጠፋ ነው። ኤክስት4 እና ኤክስኤፍኤስ ዲስኩን የያዘው አንድ ከርነል ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ቢከፍቱት፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሜሞሪ ያለውን እውነት ብሎ የሌላውን ይደመስሳል። ሪድራይትዋንስ የተባለው የቮሊዩም አክሰስ ሞድ የሚከለክለው ይህንን ነው። ገደቡ ግን በኖድ፣ ማለትም በሰርቨር፣ እንጂ በፖድ አይደለም፤ በአንድ ኖድ ላይ ያሉ ሁለት ፖዶች ያንኑ ቮሊዩም ሊከፍቱት ይችላሉ። አንድ ፖድ ብቻ የሚፈቅደው ሪድራይትዋንስፖድ የተረጋጋ ደረጃ የደረሰው በኩበርኔቲስ 1.29፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው።

ስቴትፉልሴት ያስነሳው ፖድ ኖዱ ሲሰወር ተርሚኔቲንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ምትኩ በራሱ አይነሳም። ተረኛው ባለሙያ፣ ደንበኛ እየደወለበት፣ ፖዱን በግድ መሰረዝ ያምረዋል። እዚህ ላይ ነው አጥብቄ የምከራከረው፦ ያ መዘግየት ጉድለት ሳይሆን ጥበቃ ነው። የማይመልስ ሰርቨር ሞቷል ማለት አይደለም፤ ኔትወርኩ ብቻ ተቋርጦ አሁንም ዲስኩ ላይ እየጻፈ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ማሽኑ በእርግጥ መጥፋቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ኖዱ ላይ የአውት-ኦፍ-ሰርቪስ ምልክት ማድረግ ነው ትክክለኛው መንገድ። የአገልግሎቱ መቋረጥ በሰዓት ይለካል፤ የተበላሸ ፋይል ሲስተም ግን ላይመለስ ይችላል።

የዞን ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። የአማዞን ኢቢኤስ ቮሊዩም ከተፈጠረበት ዞን አይወጣም፤ ዲስኩ ፖዱ ከመመደቡ በፊት ከተፈጠረ ፖዱ ሊደርስበት ወደማይችል ዞን ሊገባ ይችላል። ዌይትፎርፈርስትኮንሲዩመር ብሎ መጻፍ ይፈታዋል። መጠኑንም በትንሹ መጀመር ይሻላል፤ ቮሊዩም ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ይህን አንብቦ ዛሬውኑ ሪቴይን ያለው አዲስ ስቶሬጅ ክላስ ለሚፈጥር አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱ ክላስ የሚሠራው ከአሁን በኋላ ለሚፈጠሩት ብቻ ነው። ቀድሞ የተፈጠሩት ቮሊዩሞች ዲሊትን እንደያዙ ናቸው፤ የእያንዳንዱን ፐርሲስተንት ቮሊዩም ፖሊሲ ለየብቻ መቀየር ያስፈልጋል።