የ17ቱን ዓመት ታሪክ እንዴት እናስተምር?

ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስንሰማራ ከተማሪ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጥሩ ነበሩ ወይስ መጥፎ?» የሚል። ጥያቄው የልጅ ነው፤ መልሱ ግን አዋቂን ይፈትናል። አንዳንዱ «ቆራጥ አገር ወዳድ ነበሩ» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው «አረመኔ ነበሩ» ብሎ ይዘጋዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም መልሶች መምህሩን ከድካም ያሳርፋሉ እንጂ ተማሪውን አያስተምሩም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሥራቸውን ከነቀኑ ማስቀመጥ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ወገን ፊደል አስቆጠረ፤ በዓለም መድረክም ተሸለመ። ይህን መካድ አይቻልም። ያስተማሩትም እንደኛው ያሉ ወጣቶችና መምህራን ነበሩ።

ይሁን እንጂ የዚያው ዘመን ሌላው ገጽ እነሆ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ተገደሉ፤ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትም ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ተከታዩ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገደሉ፤ ወንበሩን መንግሥቱ ያዙ። በሚያዝያ ወር በአብዮት አደባባይ ደም መሳይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሰባበሩ። ኅዳር 1970 ዓ.ም. ምክትላቸው ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተረሸኑ። ቀይ ሽብር ከፈጃቸው መካከል ተማሪና መምህር ብዙ ነው። ፊደል ያስቆጠረው መንግሥት፣ አንብቦ የጠየቀውን ገደለ ማለት ነው።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? «ተው» የሚል ሰው ስለጠፋ ነው። ሂስና ግለ ሂስ በየስብሰባው ይሰበክ ነበር፤ ሂሱ ግን ወደ ላይ አይወጣም። መስከረም 1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ፣ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በታላቅ ድግስ ተከበረ። መስከረም 1980 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ተባሉ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደሚሠለጥኑበት ወደ ብላቴ እሄዳለሁ ብለው በናይሮቢ በኩል ሐራሬ ገቡ። «እስከ መጨረሻው እንዋጋለን» የተባለለት ሕዝብ ግን መሸሻ አልነበረውም።

በሌሉበት የታየው ክስ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኝነት አበቃ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 2000 ዓ.ም. ሞት ፈረደ። ዚምባብዌ ግን አሳልፋ አልሰጠችም፤ አስተናጋጃቸው ሙጋቤ በ2010 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም ቢሆን።

አንዳንዱ «ማንበብ አስተምረው የለም እንዴ?» ይላል። አዎን፣ ተምሯል። ነገር ግን ትምህርቱ ግድያውን አይፍቅም፤ ግድያውም ትምህርቱን አይሰርዝም። ታሪክ የሱቅ ሒሳብ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ተቀንሶ ትርፍ አይወጣለትም። ሁለቱም በየቦታቸው ይጻፉ።

ስለሆነም ለዕጩ መምህራን ሁሉ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከኮተቤ አውቶቡስ ይዘን የቦሌ መንገድ መነሻ ላይ መስቀል አደባባይ ጥግ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተማሪዎቻችንን እንውሰድ። ቤታቸው ሲመለሱ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ አያት ካሏቸው ይጠይቁ። የሰውየውን መጽሐፍ «ትግላችን»ን እና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ጎን ለጎን ያንብቡ። ከዚያ በኋላ የልጁን ጥያቄ ራሱ ልጁ ይመልሰው። «ተው» ማለት የሚችል ትውልድ የሚፈራው እንዲህ ሲማር ነው፤ ያ ደግሞ የእኛ የመምህራኑ ሥራ ነው።