ታክማ ወጣች፤ ከዚያስ?

የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። ደግነቱ አሁን አሁን ይወራል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልጃገረዶች መከላከያ ክትባቱን እየወሰዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ሦስት ግብ አስቀምጧል፦ 90 በመቶ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው ይከተቡ፣ 70 በመቶ ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው ይመርመሩ፣ በሽታው ከተገኘባቸው 90 በመቶዎቹ ይታከሙ።

ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ ነገር ቢኖር ያልተቆጠረ ነገር በጀት እንደማያገኝ ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ሴትየዋ ታክማ በወጣችበት ቀን ያበቃሉ። ቤቷ ገብታ ከባሏ ጋር ስትተኛ የሚሆነውን ማን ቆጠረው?

በግልጽ እናውራው። የጨረር ሕክምና ብልትን ሊያደርቅና ሊያጠብ ይችላል። የእንቁላል ማመንጫዎቿ ሥራ ካቆሙ ደግሞ ገና በ35 ዓመቷ ልታርጥ ትችላለች። ያኔ ግንኙነት ያማል፣ ፍላጎትም ይቀንሳል። ይሄ የሕክምናው የታወቀ ውጤት እንጂ የእሷ እምቢተኝነት አይደለም።

መላም አለው። ውሃ ነክ ማለስለሻ ጄል አለ። ብልት እንዳይጠብ የሚረዳ ዳይሌተር የሚባል፣ ቤት ውስጥ ራሷ የምትጠቀምበት ቀላል መሣሪያ አለ። ለአንዳንዶች ሐኪም የሚያዘው የሆርሞን ቅባት አለ። መቼ እንደሚጀመር የሚነግራት ሐኪሟ ነው፤ ከግንኙነት በኋላ ደም ካየችም ቶሎ ወደ እሱ መመለስ አለባት።

ባልም ፍርሃት አለው። «ይተላለፍብኝ ይሆን?» ይላል። ካንሰር በግንኙነት አይተላለፍም። ከውጭ በማሽን የተሰጣት ጨረርም ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም። የሚተላለፈው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው፤ እሱን ደግሞ ግንኙነት የጀመረ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንዴ ያገኘዋል፣ ብዙውን ጊዜም ሳይታወቅ ይጠፋል። ካልጠፋ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ «ከማን አመጣሽው?» የሚለው ጥያቄ ትዳር ከማፍረስ በቀር ምንም አያስረዳም።

«ወረፋው እንዲህ በተጨናነቀበት አገር ስለ አልጋ የሚያወራ ሐኪም ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ሕይወት ይትረፍ» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው። ግን ይሄን ለማስረዳት አንዲት የሠለጠነች ነርስና አሥር ደቂቃ ይበቃሉ። ለብዙ ሴቶች ደግሞ ትዳር ማለት ቤትም፣ መሬትም፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ የሚሆን የትራንስፖርት ብርም ነው። ባሏ በዝምታ የራቃት ሴት ክትትሏንም ልታቋርጥ ትችላለች። ሕይወት ይትረፍ ካልን ይሄም እዚያው ውስጥ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ የታማሚዋ አይደለም። አፍራ ያልጠየቀችውን ሴት ሐኪሙ ቀድሞ ሊጠይቃት ይገባል። እያንዳንዷ ታካሚ ከመሸኘቷ በፊት፣ ከተቻለ ባሏም ባለበት፣ ይሄ ምክር የሕክምናው አንድ ክፍል ሆኖ መሰጠት አለበት።

እኛ ወጣቶችም ድርሻ አለን። እናታችን ወይም አክስታችን ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ስትመጣ የምታርፈው እኛ ጋ ነው። ካርድ የምናወጣው፣ አብረናት ገብተን የምናስተረጉመውም እኛ ነን። ልጇ አጠገቧ ቆሞ የትኛዋ እናት ስለዚህ ነገር ትጠይቃለች? ስለዚህ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እናድርግ፦ «የምትጠይቂው ካለ እኔ ውጭ ልጠብቅሽ» ብለን እንውጣ። ቋንቋ ካስቸገራት ሴት ነርስ እንድታስተረጉምላት እንለምን። በሩንም ዘግተንላት እንሂድ።