በር ላይ የተመለሰችው ምራት



ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዛሬ የመረጥሁት ከሰቆጣ የተላከውን ነው። ጸሐፊዋ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟ እንዳይወጣ አደራ ብላናለች፤ አደራዋንም ጠብቀናል።

ነገሩ የቆየ ነው። በ2011 ዓ.ም. በዋግ ኽምራ አበርገሌና በሰሜን ጎንደር ጠለምት ኮሌራ በተነሣ ጊዜ፣ በቆላው የሚኖሩት አማቷ ታመው ለበሽታው ተብሎ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ይተኛሉ። ምራት ወሬውን እንደሰማች የሰባት ወር ልጇን አዝላ፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ ከሰቆጣ ትወርዳለች። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ግን «አንድ አስታማሚ ገብታለች፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም፤ ሕፃን ያዘለችማ ጭራሽ» ብሎ ይመልሳታል። የገባችው አስታማሚ የባሏ እኅት ነበረች። መምህርቷ ፔርሙሱን ለዘበኛው ሰጥታ፣ እስከ ማታ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጣ ተመለሰች። ከሁለት ቀን በኋላም እንደገና ሄዳ እንደገና ተመለሰች።

«አማቴ በአምስተኛው ቀን ድነው ወጡ» ትላለች በደብዳቤዋ፤ «ያን ጊዜ አዝዬው የሄድሁት ልጅ ዛሬ ተማሪ ሆኗል። እርሳቸው ግን ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ‹ሞቴን ስጠብቅ ምራቴ ፊቷን አላሳየችኝም› ማለታቸውን አልተዉም። ባለቤቴም ይሰማል፤ ዝም ይላል። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው? የዘበኛው ነው? ወይስ የአማቴ?»

ይህ የአንዲት ምራት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ጠያቂው ይቆጠራል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ምን ይዞ መጣ የሚለው ከበሽታው በላይ ሲወራ ይከርማል። የቀረ ሰው ከለቅሶ ቤት እንደቀረ ያህል ይታማል። በዋግ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሰው የሚመጣው ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከዝቋላ፣ ከደሃና፣ ከጋዝጊብላም ነው። መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ በሽተኛ የሚወጣው ጎልማሶች በቃሬዛ እየተቀባበሉ ተሸክመውት ነው። አቀበቱን በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡ ሰዎች በር ላይ «እናንተ ከዚህ ተመለሱ» ሲባሉ ቅር ቢላቸው ማን ይፈርድባቸዋል? በበኩሌ አልፈርድም።

ሆኖም እኅቶቼ፣ እስቲ ኮሌራ ያለበት ድንኳን ውስጥ አብረን እንግባና ምን እንደሚሆን እንመልከት። የኮሌራ ጀርም የሚገኘው በበሽተኛው ሰገራና ትውከት ውስጥ ነው። መንገዱ እጅ፣ ውሃ፣ ምግብና ዕቃ ነው። ጠያቂዋ ገብታ ዝም ብላ አትቆምም፤ አንሶላ ታስተካክላለች፤ ባሊውን ከአልጋው ሥር ታነሣለች፤ ያም ቢቀር የበሽተኛዋን እጅ ይዛ ትስማለች። ከዚያ ምግቡ ይከፈታል፤ «እስቲ አብራችሁ ቅመሱ» ይባላል። በሽተኛ ፊት አልበላም ያለች እንደተጸየፈች ስለሚቆጠርባት በዚያው እጇ ትጎርሳለች። በሽታው ጀርሙ ከገባ በኋላ ከጥቂት ሰዓት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ ጠያቂዋ ጤነኛ ሆና ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ልጅ ታጠባለች፤ ሊጥ ታቦካለች፤ ለጎረቤት ቡና ታፈላለች። አንዲት አስታማሚ ብቻ ብትሆን ግን ስትገባና ስትወጣ በክሎሪን ውሃ እንድትታጠብ፣ ጫማዋን መድኃኒት ላይ እንድትረግጥ፣ ባሊውን እንዴት እንደምትደፋ ማሳየትና መከታተል ይቻላል። አሥራ ሁለት ሰው ግን ማንም ሊከታተል አይችልም።

አማትሽም ያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው የጠያቂ ብዛት አልነበረም። ኮሌራ የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው አሟጦ ነው። በጊዜ ሕክምና ላይ ከደረሱ መቶ በሽተኞች መካከል የሚሞተው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት አድን የሚባለውን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይሰለቹ በኩባያ ማጠጣት ነው። የጠናባቸው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣቸዋል። ይህን ማጠጣት የአንዲት ትጉህ ሴት ሥራ ነው። የባልሽ እኅት ሠርታዋለች ማለት ነው።

ደንቡ እንደ በሽታው እንደሚለያይም ማወቅ ይገባል፤ ብዙዎቻችን ሁሉንም «ተላላፊ» ብለን አንድ ላይ እናስረዋለን። ኩፍኝ ከሆነ ክፋቱ በአየር ነው፤ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በአየር ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር የሚሰጠውን ክትባት ያልጨረሰ ሕፃን አዝሎ ወደዚያ መሄድ ጥየቃ ሳይሆን ልጅን ለበሽታ መስጠት ነው። የሳንባ ነቀርሳም በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በትክክል ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፍ ኃይሉ በጣም ስለሚቀንስ፣ መስኮት ከፍቶ መጠየቅ ይቻላል። በዚህ በሽታ ሰውን ለወራት መሸሽ ከንቱ ግፍ ነው።

ተስቦና ግርሻ የሚባለው የሚያገረሽ ትኩሳት ደግሞ በልብስ ቅማል ነው የሚተላለፉት። ስለ እነዚህ ሲነሣ የዋግ ሰው ከሁላችንም በላይ የሚያስታውሰው አለው። በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ምክንያት ብዙ የዋግ ቤተሰብ ልጁን ተሸክሞ፣ ሽማግሌውን እየደገፈ፣ ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ወዳለችው ወደ ኮረም በእግሩ ተጉዟል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ማይክል ቢዩርክና የፎቶግራፍ ባለሙያው መሐመድ አሚን ለዓለም ያሳዩት ያንን መጠለያ ነበር። ኮረም ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ያንሰፈስፋል። ሰዎች ብርዱን ለማምለጥ ተቃቅፈው፣ አንዲት ጋቢ ለአምስት ለብሰው ያድሩ ነበር። በሽታው ያገኘው መንገድ ይኸው መተቃቀፍ ነው። ቅማሉ ከበሽተኛው ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ አያቱ ተሻገረ፤ ኩፍኝም በተጨናነቁት ሕፃናት መካከል ገብቶ ብዙዎችን ፈጀ። እነዚያ እናቶች ምን አጠፉ? ምንም። ልጅን ከብርድ መሸፈን ጥፋት አይሆንም። በሽታውን ለማቆም ግን በሽተኛውን ከጤነኛው መለየት፣ ልብስና ብርድ ልብስ መቀቀል አስፈላጊ ነበር። ልጇ ከእቅፏ ተወስዶ ለብቻው ሲተኛ ያየች እናት የሚሰማትን እናንተው ገምቱት።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። ኮሮና በአገራችን መገኘቱ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በዚያው ክረምት እናቴ ታማ ለዚሁ በሽታ በተለየ አንድ ሕክምና ቤት ተኛች። ጠያቂ አይገባም። እኔ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፤ ሰሃን ስለማይመለስ በላስቲክ ቋጥሬ፣ ስሟንና የክፍሏን ቁጥር ጽፌ አቀብላለሁ። እውነቱን ለመናገር ያስለቀሰኝ አለመግባቴ አልነበረም። ስለ እርሷ የሚነግረኝ ሰው አለመኖሩ ነበር። «ደኅና ናት» ይሉኛል፤ ስሟን ሳይጠይቁ «ደኅና ናት» የሚሉ ሰዎችን እንዴት ልመን? በዘጠነኛው ቀን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አዝና ወደ አጥሩ ጠጋ አለችና «እናትሽ ዛሬ ራሷ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች» አለችኝ። ያን ሌሊት ተኛሁ። እናቴ በኋላ ስትወጣ የነገረችኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ጎረቤታችን የሠራችውን ወጥ ልኬ ነበርና፣ በጨው ማነሱ አውቃ «ልጄ ታማለች» ብላ ሁለት ቀን ስትጨነቅ ከረመች! ከውስጥ ያለውም ሰው ወሬ ይራባል።

ስለዚህ ስለ በር ደንብ ስንናገር ለጠያቂው ብቻ ማስተማር አይበቃም። ሕክምና ቤቱም ሊመለስበት የሚገባ ዕዳ አለ። በቀን በተወሰነ ሰዓት አንድ ሰው ወጥቶ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ ለቤተሰቡ በስም ጠርቶ ቢነግር ምን ያህል ጭቅጭቅ በቀረ! በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያም ቢሆን ማንበብ ለማትችል እናት ባዶ ወረቀት ነው፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ኽምጣና ለምትናገር እናት ሁለት ጊዜ ባዶ ነው። በዋግ ኽምራ ደንቡ በአፍ፣ በኽምጣናም ጭምር መነገር ይኖርበታል። በሌላው ዓለምም ይህን ትምህርት ያገኙት በውድ ዋጋ ነው። በኮሮና ጊዜ በብዙ አገሮች ሰዎች ዘመዳቸውን ሳያዩ ሞተዋል። በእንግሊዝ አገር ከዚያ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መኖሪያዎች ያለ ብርቱ ምክንያት ጠያቂን እንዳይከለክሉ የሚያስገድድ ደንብ በሥራ ላይ ውሏል። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው ወረርሽኝ ጊዜ ኮሮና የያዛት አራስ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ልጇን እንድታጠባ እንጂ ከልጇ እንዳትለይ ነበር የመከረው። በር መዝጋት ሲያስፈልግ ይዘጋል፤ ለአራስ፣ ለሕፃን በሽተኛና ነፍሱ ልትወጣ ላለች ሰው ግን የሚከፈት ጠባብ መዝጊያ መተው አለበት ባይ ነኝ።

ቤተሰብስ ምን ያድርግ? አስቀድሞ መመካከር ነው። ወረርሽኝ በተሰማበት ሰሞን ማን አስታማሚ እንደሚሆን በቤት ውስጥ ቢወሰን በር ላይ መጋፋት ይቀራል። ነፍሰ ጡር፣ ጡት የምታጠባ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው አይሁን። አንዴ የገባም ሰው በየቀኑ አይቀያየር፤ «ዛሬ አንቺ፣ ነገ እኔ» ማለት ለመተዛዘን ጥሩ ቢመስልም ለበሽታው አምስት ቤት መክፈት ነው። ሌሎቻችን ምግብ በማብሰል፣ የበሽተኛውን ልጆች በመያዝ፣ ውጭ ላለው መልእክት በማድረስ ተራ እንግባ። የኮሌራ ከሆነ ዕቃና ልብስ ከዚያ ሲወጣ በበረኪና ሳይነከር ከቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀል። ከሁሉም በላይ ወደ ውስጥ ቃል መላክ አይረሳ፦ እገሊት መጥታለች፣ በር ላይ ናት፣ ይህን ልካለች የሚል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ የሰቆጣዋ እኅቴ። የሰባት ወር ልጅ አዝለሽ ወደዚያ ድንኳን አለመግባትሽ ጥፋት አይደለም፤ ዘበኛውም ባያስገባሽ ደግ አደረገ፤ ልጁ ዛሬ ተማሪ ነው ብለሽ የለ! አማትሽም ሐሰት አልተናገሩም፤ ፊትሽን አላዩም። ተኝቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከሸራው በስተጀርባ ማን እንደተቀመጠ በምን ያውቃል?

ነገር ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ጎደለኝ። ስለ ባልሽ እኅት ከአንድ መስመር በላይ አልጻፍሽም። ድንኳኑ ውስጥ የነበረችው እርሷ ናት። ፔርሙሱ ገብቶ ከሆነ የተቀበለችው እርሷ ናት። ይህን ሁሉ ዓመት እናቷ ሲያሙሽ ዝም ያለችው አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ? ምናልባት ዘበኛው ስምሽን አልነገራት ይሆናል፤ ምናልባት ነግሯት በዚያ ጭንቀት መካከል ረስታው ይሆናል፤ ምናልባትም ሌሊቱን ብቻዋን በማሳለፏ እርሷም የራሷ ቅሬታ ይኖራት ይሆናል፤ እርሷን ማን ጠየቃት? መጀመሪያ ወደ አማትሽ አትሂጂ። ወደ እርሷ ሂጂ፤ ቡና አፍልታ ስትቀመጥ ያን አምስት ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈችው ጠይቂያት፤ ሳታቋርጪ ስሚያት። ከዚያ በኋላ ነው ፔርሙሱ ደርሷት እንደሆነ የምትጠይቂያት። መልሷን ጻፊልኝ።