ቀደር የሰው ሀቅ አይሰርዝም

በቀደም ከግቢያችን በር ዝቅ ብሎ ባለው መስቀለኛ መንገድ ሁለት ባጃጆች ተጋጩ። አንደኛው ሾፌር ከጀመዓችን ነው። «የአላህ ቀደር ነው» ብሎ ሄደ። ሌላኛው የሰው ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፤ የተሰበረውን መስታወት እያየ ቀረ።

በቀደር ማመን ግዴታችን ነው፤ ተጠያቂነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በስህተት ለገደለ እንኳ ሱረቱ አን-ኒሳእ ድያና ከፋራ ደንግጓል። ፊቅህ የቀራ ሁሉ የሁለቱን ፈረሰኞች መስአላ ያስታውሳል፦ ተጋጭተው ሁለቱም ቢሞቱ፣ ሻፊዒዮች «እያንዳንዱ ለገዛ ሞቱም እጁ አለበት» ብለው የእያንዳንዱ ወገን ለሌላው ግማሽ ድያ ይክፈል ሲሉ፣ ሐነፊዮች ሙሉውን ይላሉ። ነፃ ናችሁ ያላቸው ግን የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2084 ወደ ሻፊዒዮቹ ይጠጋል (ሳነበው ገርሞኛል)፦ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ባለንብረቶቹ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይችላሉ።

ዓውፍ ማለት የተጎዳው መብት ነው። ወንድማችን ከጁሙዓ በፊት ልጁን ፈልጎ ያነጋግረው፤ ስልኩን እኔ ተቀብያለሁ።