«አሜሪካ ወደ ፈጣሪ ተመለሰች» እያልክ ሼር ለምታደርገው ወንድሜ



የአሜሪካ ፖለቲከኞች መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው «አገራችን የክርስቲያን አገር ናት» የሚሉባቸው ቪዲዮዎች በየግሩፑ ይዘዋወራሉ። ከስር የኛ ልጆች «ማሻአላህ፣ እነዚህስ ፈጣሪን አልረሱም» ብለው ይጽፋሉ። ግብረ ሰዶምን ስለተቃወሙ ብቻ የኛ ወገን መሰሉን። ወላሂ አይደሉም!

ኦክላሆማን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2010 የግዛቷ ፍርድ ቤቶች ሸሪዓን እንዳይጠቅሱ የሚከለክል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሕዝብ ቀርቦ 70 በመቶ ድምፅ አገኘ። ሸሪዓ ሊጫንባቸው ነበር እንዴ? እዚያ ያለው ሙስሊም እኮ እፍኝ አይሞላም። በ2024 ደግሞ የዚያችው ግዛት የትምህርት ኃላፊ መጽሐፍ ቅዱስ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩበት አዘዘ። «ሃይማኖት ወደ መንግሥት ይመለስ» ሲሉ የማንን ሃይማኖት እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው?

ሸሪዓን ያገደውን ድንጋጌ ያስቆመው አንድ ሙስሊም ከስሶ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ የተመረኮዘው መንግሥት አንዱን ሃይማኖት ከሌላው እንዳያበላልጥ በሚከለክለው የመጀመሪያው ማሻሻያ ላይ ነበር። ቪዲዮው ላይ የምታደንቃቸው ሰዎች ሊያፈርሱ የሚታገሉት ይህንኑ አጥር ነው።

የሚገርመው፣ ጄፈርሰን በ1802 ስለ ሃይማኖትና መንግሥት «መለያ ግድግዳ» የጻፈው ለዳንበሪ ባፕቲስቶች ነበር። ኮነቲከት ውስጥ መንግሥት የሚደግፈው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ስለነበር እነሱ ተገፍተዋል። ዛሬ ግድግዳው ይፍረስ ከሚሉት መካከል ባፕቲስት ሰባኪዎች አሉበት። ሰው ሲበዛ ይረሳል።

እኛ ግን በምን ሒሳብ እንረሳለን? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 አንዷን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት አድርጎ ሲደነግግ አባቶቻችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር፤ በገዛ አገራቸው እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ብለው ነው። ለፍትሕ ብለው አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው።

«ሴኩላሪዝም ሲሉ ሂጃብ ያስወልቁናል» ትለኛለህ። እውነትህን ነው፣ ያስወልቃሉ። ግን ሂጃብ የሚያስወልቀው መንግሥት ራሱ አጥሩን ዘሎ እኛ ግቢ ገብቷል። አንቀጽ 11 እኮ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል! በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» ብለን አርብ አርብ ስንቆም መንግሥት ከመጅሊሳችን እጁን ያውጣ ነበር ጥያቄያችን። የሚመለከታቸውን ሁሉ የሞገትነው ይህንኑ አንቀጽ ይዘን ነው። ያኔ የያዝነውን አንቀጽ አሜሪካ ውስጥ ሲያፈርሱት ምኑን ነው ላይክ የምናደርገው?